ግማሽ ኪሎ

አቃቂ በሰቃ ያለችው የአክስቴ ሱቅ አንድ ክፍል ናት። በሯ ላይ ሽንኩርትና ድንች፣ ውስጧ ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ በርበሬና ሽሮ ይሸጥባታል። ሚዛኑ ባለ ሁለት ሳህን አሮጌ ሚዛን ነው። የሚዛኑ ድንጋዮች ግን ከየቦታው የተለቃቀሙ ነበሩ። አንድ ኪሎዋ ከመርካቶ የተገዛች የደንብ ብረት ናት። ሩብ ኪሎዎቹ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች ናቸው። ግማሽ ኪሎዋ ግን የራሷ ታሪክ አላት፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ግማሽ ኪሎዋ ጫፏ የደነዘ ሾጣጣ ነሐስ ነበረች። ከግርጌዋ እንደ ትልቅ ብሎን ጥርስ ወጥቶላታል። ወገቧ ላይ ሁለት ቀለበቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የታችኛው ዙሪያውን በቀጫጭን መስመሮች ተሸንሽኖ ቁጥር ተቀርጾበታል። ከጎኗ የክብሪት ራስ የምታህል ቀዳዳ አለች። አክስቴ በየቅዳሜው በሎሚና በአመድ ስለምትወለውላት ከሩቅ ታብረቀርቅ ነበር። ደንበኞችም «እትዬ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትመዝኚበት?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ያመጧት ባለቤቷ ናቸው። እሳቸውን «ጋሼ» እያልን ነው ያደግነው። ጋሼ አቃቂ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆመው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቁራሌው በደጃፋቸው ሲያልፍ ጆንያው ውስጥ አዩዋትና በኪሎ ገዟት። «ለብሮንዚና ትሆነኛለች» አሉ። ብሮንዚና ማለት፣ ለማታውቁት የቋንቋ ተማሪዎች፣ ዘንግ የሚሽከረከርበት የነሐስ ቀለበት ነው። ብሮንዚናው ሳይሠራ ቀረ፤ አክስቴም «ለጊዜው» ብላ ሚዛኑ ላይ አኖረቻት። ያ ጊዜያዊ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

እኛ ልጆቹ ደግሞ ሬዲዮ አድርገናት ነበር። አንዳችን ቀለበቱን እናዞራለን፤ አንዱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ሌላው ዜና ያነባል፤ ሌላ ቁጥር ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ይዘፍናል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ባለፈው የጥር እረፍት ቤት ሄጄ ሽምብራ ስመዝን ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ አረፈ። የመሣሪያ አለካክ ትምህርት ገና ከጭንቅላቴ አልወጣም ነበር። መስመሮቹን በካሊፐር ለካኋቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ናቸው። «ጋሼ፣ ይህ ቁጥር የምን ነው?» አልኩ። «የፋብሪካው ምልክት ይሆናል» አሉ። እንዲህ በጥንቃቄ የተሸነሸነ ነገር ምልክት ብቻ ነው ብሎ መቀበል አቃተኝና በስልኬ ፎቶ አንስቻት ወደ ግቢ ተመለስኩ።

ፎቶውን ለአንድ መምህራችን አሳየሁት። እየሣቀ ነበር የተቀበለኝ፤ ወዲያው ሣቁ ቆመ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሚዛን ላይ።»

«ምን ይመዘንበታል?»

«ሽምብራ።»

ትንሽ ዝም ብሎ «ይህ የመድፍ ጥይት ፊውዝ ነው፤ ጊዜ ቆጣሪ ነው። ማንም እንዳይነካው ደውል» አለኝ።

በእኛ ሰፈር ፊውዝ ሲባል የሚታወቀው ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ እየተቃጠለ ጨለማ ውስጥ የሚጥለን ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከጥይቱ መጀመር ያስፈልጋል። የእንግሊዙ የመድፈኛ መኮንን ሄንሪ ሽራፕኔል እ.ኤ.አ. በ1784 አንድ ሐሳብ አፈለቀ፤ ሆዱ ክፍት የሆነ ጥይት በእርሳስ አረሮችና በጥቂት ባሩድ መሙላት። ይህ ጥይት መሬት ከነካ በኋላ ቢፈነዳ ዋጋ የለውም። ከዒላማው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አየር ላይ ሳለ መፈንዳት አለበት። ቀድሞ ከፈነዳ አረሩ ሜዳ ላይ ይረግፋል፤ ከዘገየ በሰው አናት ላይ ያልፋል። ስለዚህ ጥይቱ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ አብሮ የሚጠፋ ሰዓት።

የመጀመሪያው ሰዓት እንጨት ነበር። መሐሉ የተቦረቦረና ባሩድ የተጠቀጠቀበት የእንጨት ውታፍ ነው፤ መድፈኛው በሚፈልገው ሰከንድ ልክ ቆርጦት ወይም በስቶት ጥይቱ አፍ ላይ ይሰካዋል። ቀጥሎ በ19ኛው መቶ ዘመን ቤልጅጋዊው መኮንን ቦርማን ባሩዱን በብረት ውስጥ በክብ አስተኛው፤ ከዚያ ሐሳብ ነው ባለ ሁለት ቀለበቱ ፊውዝ ያደገው። የአክስቴ ግማሽ ኪሎ ከዚያ ዘር ነበረች።

አሠራሩን ስረዳ በደስታም በድንጋጤም ተቀመጥኩ። በእያንዳንዱ ቀለበት ሆድ ውስጥ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ባሩድ ተጠቅጥቋል። መድፉ ሲተኮስ ጥይቱ በድንገት ይወረወራል፤ ፊውዙ ውስጥ ያለች ትንሽ ክብደት ግን ባለችበት ልትቀር ትሻለች። ከአቃቂ የምንሳፈርበት አውቶቡስ በድንገት ሲነሳ ቆመን የነበርነው ሁሉ ወደ ኋላ እንደምንወድቀው ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት እሳት ይጫራል። እሳቱ የላይኛውን ቦይ ተከትሎ ይጓዛል፤ የታችኛው ቀለበት መግቢያ ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ በታችኛው ቦይ ተመልሶ ይጓዝና ከመሐል ያለውን ባሩድ ያገኛል። ቀለበቱን ማዞር ማለት እንግዲህ የእሳቱን መንገድ ማስረዘም ወይም ማሳጠር ነው። ቁጥሩ ርቀት ቢሆን ኖሮ መስመሮቹ እኩል አይሆኑም ነበር፤ ጥይት ሲሄድ ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ እያንዳንዱ መቶ ሜትር ካለፈው የበለጠ ጊዜ እየፈጀ ይመጣልና። እኩል መስመር የጊዜ መስመር ነው። ሬዲዮ ስንጫወት እናዞር የነበረው ሰከንድ ነበር።

ወዲያው ደወልኩ። አክስቴ አነሳች። «ጋሼ የሉም? ያቺ ግማሽ ኪሎ የት ናት?» አልኳት። «ዛሬ ወስዷታል። አንዱ ጓደኛው ጋራዥ ከፍቶ ቶርኖ አስገብቷል፤ ነገ ጠዋት ብሮንዚናውን ልሠራ ነው ብሎ በፌስታል ይዟት ወጣ» አለች። እግሬ ከዳኝ። በዚያው ምሽት ታክሲ ተሳፍሬ አቃቂ ገባሁ።

ጋሼ ገና ከመግባታቸው ነበር። ፌስታሉ ጠረጴዛው ሥር ነው። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። «ሃያ ስምንት ዓመት ብረት የቆረጥኩ ሰው ነኝ! አንተ በሁለት ዓመት ትምህርት ነሐስ ልታስተምረኝ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በላይዋ ሽምብራ ሲደፋ ያልፈነዳች ነገር!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እንዲያ እል ነበር። «ትፈነዳለች፣ ትገድላለች» ማለት ምንም አልሠራም። አፈር ይብላኝ፣ ሰውዬው የማሽን ሰው ናቸውና ወረቀት አውጥቼ መሣል ጀመርኩ። የላይኛውን ቀለበት፣ የታችኛውን፣ ቦዩን፣ የእሳቱን መንገድ፣ በመጨረሻም ጎኗ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሣልኩ።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አሉ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው።

«የጢስ መውጫ ናት። ባሩዱ ሲቃጠል ጢሱ መውጫ ካላገኘ ይታፈንና ሰዓቱን ያበላሸዋል።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በዝግታ «እኔ እኮ የዘይት ቀዳዳ መስላኝ ነበር» አሉ። «አንድ ቀን ደርቃለች ብዬ ዘይት ጠብ አድርጌባታለሁ።»

ፌስታሉን ማንም ሳይነካው እዚያው ተወነውና ሦስታችንም ጓሮ ወጣን። ማንም እንዳይገባ በሩ ተቆለፈ። ጋሼ ለፖሊስ ጣቢያ ደወሉ፤ ጠዋት ሰው እንደሚመጣ ተነገረን። ያን ሌሊት በጓሮ፣ ከሰል ዙሪያ ተቀምጠን ስናወራ አነጋን።

«ታዲያ ለምን ሳትፈነዳ ቀረች?» አሉ ጋሼ። መልሱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ጫፏ ስላልተቀጠቀጠ ምናልባት ከነጭራሹ አልተተኮሰችም፤ ምናልባት ከሣጥን የወጣች ትርፍ ናት። ባሩዱ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል። ግን አልፈነዳችም ማለት አትፈነዳም ማለት አይደለም። ሰዓቱ ቆሞ ይሆናል እንጂ አላለቀም። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ዕቃ እርጅና የሚያለዝበው አይደለም፤ እያረጀ ጠባዩ የማይታወቅ ይሆናል። ጦርነት ባለፈባቸው የአገራችን ቦታዎች እረኞችና ሕፃናት የወደቀ ጥይት ሲያነሱ እጅና ዓይን የሚያጡት ለዚህ ነው። እኛ ሬዲዮ ብለናት ነበር።

ጋሼ ቀጠሉ፤ «የሠራት ፈረንጅ ሰከንዱን የለካው በአገሩ ነው። እዚህስ እኩል ይነዳል?» የማሽን ሰው ጥያቄ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት አክስቴ ቀደመችኝ፤ «ድሬዳዋ ሳለሁ ሽምብራ ቶሎ ይበስል ነበር። እዚህ ስመጣ ከሰሉን ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። አየሩ ነው ብለው የባቡር ሰዎች ነገሩኝ።»

ነገሩ በትክክል አንድ አይደለም፤ ሽምብራው የሚዘገየው ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ምክንያቱ ግን ያው ቀጭኑ አየር ነው። ባሩድ የሚቃጠልበትን ኦክስጅን በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ አየር የሚያስፈልገው አይመስልም። ሆኖም የሚነድበት ፍጥነት በዙሪያው ባለው ግፊት ይወሰናል። ይህን ያስተዋለው በሕንድ ከፍታዎች ያገለገለ ሚቸል የተባለ የእንግሊዝ ጦር ባልደረባ ነው፤ ፊውዞቹ ተራራ ላይ ሲወጡ እየዘገዩ አስቸገሩት። ኬሚስቱ ኤድዋርድ ፍራንክላንድም ጉዳዩን በቤተ ሙከራ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1861 አሳተመ። የአየሩ ግፊት በባሮሜትር ላይ አንድ ኢንች በወረደ ቁጥር ሠላሳ ሰከንድ የሚነድ ፊውዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል ነው ነገሩ።

ወረቀቱን ገልብጬ ለአቃቂ አሰላሁት። አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። በፍራንክላንድ ሒሳብ አሥር ሰከንድ ተብሎ የተሞላ ፊውዝ እዚህ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ በላይ ይነዳል። ጥይቱ በሰከንድ 300 ሜትር ቢሄድ፣ ሁለት ሰከንድ ማለት 600 ሜትር ነው፤ ስድስት የኳስ ሜዳ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ጋሼ በመቶኛ ሚሊሜትር ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና «ስድስት መቶ ሜትር!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

«የዐድዋ ትሆን?» አሉ ከዚያ። ይህን ሊነግረን የሚችለው ማኅተሟ ነበር፤ ማኅተሙን ግን የአክስቴ አመድ ፍቆ ጨርሶታል። ቢሆንም ወሬው ወደዚያው ሄደ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣልያኖች ዐድዋ ላይ 56 መድፎች ይዘው ተሰልፈው ነበር። የዚያ ዘመን የተራራ መድፍ ከሚመካባቸው ጥይቶች አንዱ ሽራፕኔል ነው። ዐድዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው። የለመደ መድፈኛ ይህን ያስተካክለዋል፤ አንድ ሁለት ይተኩስና ጢሱ የት እንደፈነዳ አይቶ ቀለበቱን ይመልሳል። ለዚያ ግን ፋታ ያስፈልጋል፤ ፋታ ደግሞ በዚያ ቀን አልተገኘም። በእኛ በኩል የነበሩት የበጅሮንድ ባልቻ ሆችኪሶች ትንንሽና ፈጣን መድፎች ናቸው። ዐድዋን ቀጭን አየር አሸነፈው እያልኩ አይደለም፤ ያሸነፈው ሰው ነው። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ የመጣበትን አየርም ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ አይከፋም።

ጋሼ ደግሞ ወደ ኋላ መለሱኝ፤ «ቴዎድሮስስ?» አሉ። ስለ ሴባስቶፖል ሁላችንም የምናውቀው ክብደቱን ነው። ጋፋት ላይ መቅለጡን፣ ሰባት ቶን ገደማ መመዘኑን፣ ገደል ተቆርጦለት በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ መጎተቱን እንተርካለን። በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ሴባስቶፖል ሞርታር ነው። ሞርታር ቦምቡን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከላይ የሚያወርድ መሣሪያ ነው፤ በዚያ ዘመን ቦምቡን በሰዓቱ የሚያፈነዳው ጣት የምታህል ፊውዝ ናት። ጊዜ የምትቆጥር ፊውዝ ከሌለች ሰባቱ ቶን የሚወረውረው የብረት ድንጋይ ብቻ ነው። መድፍ ማቅለጥ አንድ ሙያ ነው፤ ሰከንድ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ መድፎች ከፋህላ አምባ ላይ ሆነው አሮጌ ሜዳ ላይ በወረደው የእንግሊዝ ጦር ላይ ተኮሱ፤ ያደረሱት ጉዳት ግን ኢምንት ነበር፤ ከትልልቆቹም አንዱ ሲተኮስ ራሱ ፈነዳ። ፊት ለፊታቸው የቆመው ጦር ከሕንድ የመጣ ነበር፤ የተራራ ፊውዝ ጉዳይ አስቀድሞ ከተጠናበት አገር።

«ታዲያ ፈረንጆቹ ይህን አየር ምን አደረጉት?» አሉ ጋሼ፤ ከሰሉን እየቆሰቆሱ። መልሱ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ወደ ሰማይ መተኮስ ሲጀምር፣ ተራራ የማያውቁት የአውሮፓ መድፈኞች ሁሉ ጥይታቸው ከተራራ በላይ ወጣ። ባሩዱ እዚያ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ስለዚህ ጀርመኖች ባሩዱን ትተው እውነተኛ ሰዓት ጥይቱ አፍንጫ ላይ አስገቡ፤ በዚህ ሥራ ከተሰማሩት አንዱ የሩላው የቲል ሰዓት ፋብሪካ ነው። ሞላ አለው፤ ጥርሶች አሉት፤ ጥርሱን አንድ በአንድ የምትለቅ፣ ቀጭ ቀጭ የምትል ትንሽ ብረት አለችው። አየሩ ቀጠነ ወፈረ፣ ሞላው አይሰማውም። ችግሩ ሰዓቱ የሚነሳው በመድፍ አፈሙዝ ውስጥ መሆኑ ነው። በአሥር ሺህ እጥፍ ክብደቱ እየተደቆሰና በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ልክ መቁጠር አለበት። ጋሼ እጃቸው ላይ ያለችውን ሰዓት አዩ። «ይቺ ከጠረጴዛ ስትወድቅ ነው የቆመችው» አሉ።

እኔም አሰብኩ። እዚሁ አቃቂ የነበረውን የአውሮፕላን ሜዳ የጣልያን አውሮፕላኖች መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. መጥተው ደበደቡት። በዚያ ቀን ከሥር ያለው ሰው ቀና ብሎ ከማየት በቀር ብዙ የሚያደርገው አልነበረውም። አንዱ ወገን ሰከንድን በሞላ የሚቆጥርበት ዘመን ላይ ደርሶ ነበር፤ ሌላው የሚቆጥርበት አልነበረውም።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። ወጣቱ ፌስታሉን ከሩቅ አይቶ «ማን ነው ያንቀሳቀሰው?» አለ። ጋሼ እንደ ተማሪ እጃቸውን አነሱ። ባልዲ ሙሉ አሸዋ አስመጡ፤ እኛን እስከ መንገዱ ጥግ አራቁን፤ አሸዋው ውስጥ አጋደሟትና ይዘዋት ሄዱ። የተሰማ ድምፅ የለም፤ ሰፈሩም ምንም አላወቀም። ትልቁ ሰውዬ ሲወጣ «አባት፣ ሁለተኛ ቁጥር ያለው ነሐስ ከቁራሌው እንዳይገዙ» አላቸው። ጋሼ «እሺ ልጄ» አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት ብረት የቆረጠ ሰው እንዲያ ዝቅ ብሎ «እሺ» ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ አክስቴ ከመርካቶ የደንብ ግማሽ ኪሎ አስገዛች። በአንዱ ሳህን አዲሷን፣ በሌላው ሁለቱን የአሸዋ ከረጢቶች አስቀመጠች። ከረጢቶቹ ከዓመታት በፊት በነሐሷ ልክ በጋሼ እጅ የተሞሉ ናቸው። ሚዛኑ ወደ ከረጢቶቹ አጋደለ። እስኪስተካከል ድረስ አዲሷ ላይ ሽምብራ ስትጨምር አንድ ጭብጥ ሞላ።

«አየህ?» አለች ወደ ጋሼ ዞራ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ለሰፈሩ ሁሉ ምራቂ ስሰጥ ኖሬአለሁ!»

ጋሼ መልስ አልነበራቸውም፤ ከረጢቶቹን ፈትተው አሸዋውን በማንኪያ መቀነስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ «እትዬ፣ ምራቂ?» የሚላት ደንበኛ ከመጣ አክስቴ ቀና ብላ ታየውና «ወስደሃል» ትለዋለች።